የብርድ ወራት እንግዳ

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ በፔንሲልቬኒያም ጭምር፣ ውርጭ የዛፉን ቅጠል ካረገፈ በኋላ፣ በሙቀት ወራት ለወፎች የሰቀለውን የስኳር ውኃ ማጠጫ በስንፍናም ይሁን በተስፋ ሳያወርድ የቆየ አንድ ባለቤት፣ ማለዳ ተነሥቶ በመስኮት ሲመለከት፣ ሃሚንግበርድ የተባለችው እጅግ ታናሽ ወፍ፣ ያውም የአገሩ ተወላጅ ያልሆነችውና ዳማ ላባ የለበሰችው የምዕራቡ ወገን፣ በዚያ ሁሉ ብርድ መካከል ክንፏን እያርገበገበች ከማጠጫው ስትቀዳ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ወሬው በአንድ ቀን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይዛመታል፤ መነጽር ያነገቱና ረጅም የፎቶግራፍ መሣሪያ የተሸከሙ ሰዎች ከሩቅ ከተማ ሳይቀር ይመጣሉ፤ ከዚህም በኋላ ሁለት ዐይነት ምክር ከሁለት ወገን መሰማት ይጀምራል። አንደኛው ወገን፣ «ምስኪን፣ መንገድ ስታ ነው፤ ተይዛ ሙቀት ወዳለበት ቤት ትግባ፣ ወይም ወደ ደቡብ ትወሰድ» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ከመንገዷ ያስቀራት ይኸው የስኳር ውኃ ነውና አውርዱት፤ ርኀብ ሲሰማት ጕዞዋን ትቀጥላለች» ብሎ ይፈርዳል። የመጀመሪያው በርኅራኄ፣ ሁለተኛው በጥበብ የሚናገር ቢመስልም፣ ሁለቱም የቆሙበት መሠረት አንድ ነው፤ ይኸውም ወፊቱ የምታደርገውን አታውቅም የሚል ግምት ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚሁ ግምት ጋራ ነው።

ወፊቱን በዐይኑ ያላያት አንባቢ ብዙ ነውና አስቀድሞ ጥቂት ስለ እርሷ መናገር ይገባል። የሃሚንግበርድ ነገድ በሙሉ የሁለቱ አሜሪካዎች ፍጥረት ነው፤ ወደ 360 የሚጠጉ ዐይነቶች ሲኖሩት፣ አንዱ እንኳ በአፍሪካም በአውሮጳም በእስያም በዱር አይገኝም። ከእነዚህም ሁሉ በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ ጎጆ ሠርቶ የሚፈለፍለው፣ ጉሮሮው ደማቅ ቀይ የሆነው አንዱ ዐይነት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ቀኑ ማጠር ሲጀምር ተነሥቶ ወደ መካከለኛው አሜሪካ ይሄዳል፤ ብዙዎቹም የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ፣ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ውኃ፣ ማረፊያ ሳያገኙ በአንድ በረራ ይሻገሩታል። እንግዲህ በዲሴምበርና በጃንዋሪ በሜሪላንድ ጓሮ የምትታይ ሃሚንግበርድ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ የመጣች እንግዳ ናት፤ ከእንግዶቹም መካከል ደጋግማ የምትገኘው ሩፈስ የምትባለው ናት። የሰውነቷ ክብደት ከ3 እስከ 4 ግራም ብቻ ነው። የምትፈለፍለው ከአሜሪካና ከካናዳ ሰሜናዊ ምዕራብ ተራሮች ጀምሮ እስከ ደቡባዊ አላስካ ድረስ ሲሆን፣ ከነገዷ መካከል ወደ ሰሜን ይህን ያህል ርቆ ጎጆ የሚሠራ ሌላ የለም፤ የብርዱን ወራት የምታሳልፈው ደግሞ እንደ ልማዷ በሜክሲኮ ነው፤ ይህም ከአላስካ ለሚነሡት በአንድ ወገን ብቻ 6000 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ማለት ነው። የአውሮጳ ሊቃውንት እርሷን ከነገዷ ለይተው ስም የሰጧት እ.ኤ.አ. በ1788 ሲሆን፣ የመጀመሪያዪቱም ናሙና የተገኘችው በዛሬዪቱ ካናዳ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ኑትካ ከተባለው ወሽመጥ ነበር።

አሁን ወደ ብርዱ ነገር እንመለስ፤ ምክንያቱም የክርክሩ ሥር ያለው በዚህ ነው። ይህች ወፍ በአየር ላይ ቆማ ስትቀዳ ክንፏ በአንዲት ሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይመታል፤ የነገዱ ልብ በበረራ ጊዜ በደቂቃ ከ1000 ጊዜ በላይ ሲመታ ተቈጥሯል፤ የሰውነቷም ሙቀት 40 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ አካል ብዙ ማገዶ ይፈልጋል፤ አካሉ ታናሽ በመሆኑም ሙቀቱ ፈጥኖ ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ወፊቱ ቀኑን ሙሉ በየጥቂት ደቂቃው ትመገባለች፤ ተመራማሪዎችም እንደ ደረሱበት፣ የጠጣችውን ስኳር ስብ እስኪሆን ሳትጠብቅ፣ ሰዓት ሳይሞላ በጡንቻዋ ውስጥ አንድዳ ለበረራ ታውለዋለች። ይህን የሰማ ሰው፣ በሜሪላንድ ታኅሣሥ ውስጥ ከ14 ሰዓት የሚበልጠውን ሌሊት ያለ እህል ውኃ እንዴት ልታድር ትችላለች ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ሥነ ፍጥረትን ለሚያደንቅ ኅሊና ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ነው። ወፊቱ ሲመሽ ነፋስ በማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ላባዋን ትነፋና፣ ብርዱ ሲበረታ ወይም ስንቋ ሲያንስ፣ የሕይወቷን እሳት በፈቃዷ ዝቅ ታደርገዋለች፤ የአካሏ ሙቀት ከአየሩ ጋራ ለመተካከል ጥቂት እስኪቀረው ይወርዳል፤ በመቶ የሚቈጠረው የልቧ ምት ወደ 50 ይቀንሳል፤ ትንፋሿም የሚታይ አይመስልም። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በዐመድ ዳፍነው አድረው ጧት ገለጥ በማድረግ ምድጃቸውን እንደሚያስነሡ፣ እርሷም እንዲሁ ሕይወቷን ዳፍና ታድራለች። ይህ ችሎታ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ለማወቅ የፈለጉ ተመራማሪዎች በፔሩ ተራሮች ከሚኖሩት ሃሚንግበርዶች የአንዷን ሙቀት በሌሊት ለክተው 3.3 ዲግሪ ብቻ ሆኖ እንዳገኙት እ.ኤ.አ. በ2020 ገልጸዋል፤ ያችም ወፍ ጧት ተነሥታ በርራለች።

ሲነጋ ወፊቱ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ሙቀቷን ትመልሳለች፤ ይህም 20 ደቂቃ ያህል፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ይፈጅባታል፤ የሌሊቱን ስንቅ ጨርሳ የነቃችውን ይህችን ፍጥረት በሕይወት የሚያቆያት ከዚያ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የምታገኘው ምግብ ነው። ይህን ያላወቁ ደጋግ ሰዎች ወፊቱ በሰመመን ውስጥ ሳለች፣ አንዳንድ ጊዜም ከቅርንጫፉ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ ሲያገኟት ሞታለች ወይም ልትሞት ነው ብለው ያነሷታል፤ ከእነርሱ የሚጠበቀው መልካም ሥራ ግን እጅን መሰብሰብ ነው። በአላስካ የፀደይ ውርጭ ውስጥ ጎጆ ለምትሠራ፣ በሮኪ ተራሮች በረዶ ላይ ለምታልፍ ወፍ፣ የቨርጂኒያ ብርድ የማታውቀው ነገር አይደለም። ሁሉም ይድናሉ ግን አልልም፤ ከባድ የበረዶ ማዕበል በመጣ ጊዜ የሚሞቱ አሉ፤ በሜክሲኮም በጭልፊት፣ በባሕሩም ላይ በነፋስ የሚሞቱ አሉ፤ የፍጥረት ሁሉ ዕድል እንዲህ ነው።

«መንገድ ስታ ነው» የሚለውን ፍርድ ያፈረሰው ደግሞ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። በአሜሪካ የወፎችን ቀለበት የሚቈጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1920 ተቋቁሞ፣ በሜሪላንድ ውስጥ መዝገቡን እስከ ዛሬ ይጠብቃል። ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች በወፊቱ እግር ላይ ቍጥር የተቀረጸበት ቀለበት ያጠልቃሉ፤ ቀለበቱም ከቅለቱ የተነሣ በጣት ላይ ቢያኖሩት የሚሰማ አይደለም። በሉዊዚያና ናንሲ ኒውፊልድ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1979 በብርድ ወራት የሚታዩትን ሃሚንግበርዶች እየያዘች ቀለበት ማጥለቅ በጀመረች ጊዜ፣ ብዙዎች እነዚያን ወፎች የሚቈጥሯቸው እንደ ጠፉና በቅርቡ እንደሚሞቱ ነበር። ነገር ግን ዓመት ዞሮ ብርዱ ሲመለስ፣ ካቻምናና አምና ቀለበት የታሰረላቸው ወፎች፣ በመካከሉ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ሄደው ፈልፍለው፣ ወደዚያው ግቢ ተመልሰው ተገኙ፤ ይህም በሉዊዚያና ብቻ ሳይሆን በሌሎችም የምሥራቅ ክፍለ ግዛቶች እየተደጋገመ ታየ። በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ሄዶ ወደ አንዲት ጓሮ፣ ወደ አንዲት ማጠጫ የሚመለስን መንገደኛ የጠፋ ነው ማለት የሚቻለው በምን ሕግ ነው? በፍሎሪዳ፣ በታላሃሲ ከተማ፣ በጃንዋሪ 2010 ቀለበት የተደረገላት አንዲት ሩፈስ በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ ከ5600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በአላስካ ቼኔጋ ቤይ በተባለ ቦታ በሌላ ባለሙያ እጅ ገባች፤ ቍጥሯም ተነበበ። በፍሎሪዳ «ምስኪን» ያሏት ሁሉ በዚያን ጊዜ ከአልጋቸው ብዙም አልራቁም ነበር።

በአውሮጳም ለዚህ ነገር ምስክር አለ። በጀርመን የምትፈለፍል፣ ወንዱ ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስል አንዲት ትንሽ ዘማሪ ወፍ፣ የብርዱን ወራት ለማሳለፍ ወደ ስፔንና ወደ ፖርቱጋል ትወርድ ነበር፤ ባለፈው ምዕት ዓመት አጋማሽ ግን ከእነዚህ ከፊሎቹ ወደ ብሪታንያ፣ ማለት ወደ ሰሜናዊ ምዕራብ፣ እየሄዱ በሰው ጓሮ በተሰቀለ ምግብ ብርዱን ማለፍ ጀመሩ። ፔተር በርቶልድ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅና ባልደረቦቹ ከብሪታንያ የተያዙትን አራብተው ጫጩቶቻቸውን ሲመረምሩ፣ ወላጆቻቸውን በመንገድ ተከትለው የማያውቁት ጫጩቶች በዚያው አዲስ አቅጣጫ ለመብረር እንደሚጣጣሩ አዩ፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1992 አሳተሙ። መጀመሪያ እንደ ስሕተት የታየው ነገር በደም የሚወረስ መንገድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ሩፈስም እንዲሁ ናት ብዬ አልደመድምም፤ ነገር ግን ከአባቶቿ መንገድ የወጣች አንዲት ወፍ የምትሄድበት አዲስ መንገድ የልጆቿ ርስት ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ ሰው፣ «ወደ ተገባት ስፍራ እንመልሳት» ከማለቱ በፊት፣ የተገባትን ስፍራ እኔ ከየት ዐውቃለሁ ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ስለ መያዝም ታሪክ የሚለው አለው። ጆን ጉልድ የተባለው እንግሊዛዊ የወፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1851 በሎንዶን የእንስሳት ማኖሪያ ውስጥ የደረቁ ሃሚንግበርዶችን በመስታወት ሣጥን ደርድሮ ባሳየ ጊዜ፣ 75000 ያህል ሰው ገንዘብ እየከፈለ ተመለከታቸው፤ ከተመልካቾቹም አንዷ ንግሥት ቪክቶሪያ ነበረች። ይህ ሰው በዘመኑ ስለ ሃሚንግበርድ ከማንም ይልቅ የጻፈና ያሣለ ሲሆን፣ በሕይወት ያለችውን ሃሚንግበርድ ያየው ግን ኤግዚቢሽኑ ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1857 ወደ ፊላዴልፊያ በሄደ ጊዜ ነበር። ካያትም በኋላ ማየት ብቻውን አልበቃውም፤ በሕይወት ወደ አገሩ ሊወስድ ሞከረ፤ ያጓዛቸውም ብዙ አልሰነበቱም። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ደግሞ ከጉልድ በከፋ ፍቅር ወደዳቸው፤ የወፎቹ ቆዳ ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ እንዲሆን በብዙ ሺህ እየታሰረ በሎንዶን ጨረታ ይሸጥ ነበር። እንግዲህ የሰው ፍቅር ለዚህች ፍጥረት ከጥላቻው ያልተናነሰ መከራ እንዳመጣባት የታሪኩ መዝገብ ያስረዳል።

እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው የአሜሪካ የተሰዳጅ ወፎች ሕግ ያለ ፈቃድ እነዚህን ወፎች መያዝን፣ ማኖርንና መሸጥን የሚከለክለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሕጉ ላባዋን የሚሸጠውን ነጋዴ ብቻ ሳይሆን፣ ብርድ እንዳይነካት ወደ ሳሎኑ የሚያስገባትን ደግ ሰውም ይከለክላል፤ ስለዚህም ጭካኔ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ይህ ክልከላ ከሕጉ ክፍሎች ሁሉ የጠለቀ ማስተዋል ያለበት ነው እላለሁ። በቤት ውስጥ የገባች ሃሚንግበርድ በመስኮት መስታወት ላይ ራሷን ታጋጫለች፤ ስኳር ብቻ እየተሰጣትም ትንኝና ሸረሪት ካላገኘች ሥጋዋ ይከሳል፤ በአበባ ወለላ ብቻ የምትኖር የሚመስላቸው ሁሉ ይህን አያውቁም። ክንፏ የተሰበረ፣ ድመት የነከሳት፣ በእውነት የታመመች እንደ ሆነ፣ የዱር እንስሳት እንዲያስታምም ፈቃድ ለተሰጠው ሰው መጥራት ይገባል፤ ጤነኛዪቱን ግን ስለ ራሳችን ጭንቀት ብለን ብናስራት፣ የጸጥታ መድኃኒት የሰጠነው ለራሳችን ልብ እንጂ ለእርሷ አይደለም።

ሁለተኛው ምክር፣ ማጠጫውን በሴፕቴምበር አውርዱት የሚለው፣ ለብዙ ዘመን በወፍ ወዳጆች ዘንድ እንደ ሥርዐት ሲነገር የቆየ ነው። ወፊቱን ለጕዞ የሚያስነሣት ግን የቀኑ ማጠር በውስጧ የሚቀሰቅሰው ለውጥ ነው፤ የሰው ስኳር አያስቀራትም። ከሙቀት ወራት ወፎች አብዛኞቹ ማጠጫው ሞልቶ ተንጠልጥሎ ሳለ ትተውት መሄዳቸው ለዚህ በቂ ማስረጃ ነበር፤ ሰው ግን ከዐይኑ ይልቅ ልማዱን ያምናልና ይህን ለመቀበል ብዙ ጊዜ ፈጅቶበታል። ማውረዱ የሚጎዳውም በኋላ የምትመጣዋን፣ ያልተጠበቀችዋን መንገደኛ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ የሰው ምግብ የወፍን አገር በጊዜ ብዛት ሊያሰፋ ይችላል፤ አና የምትባለው ሃሚንግበርድ ከመቶ ዓመት በፊት በካሊፎርኒያና በአካባቢዋ የተወሰነች ስትሆን፣ በጓሮ አበቦችና በማጠጫዎች እየተረዳች ወደ ሰሜን ወጥታ ዛሬ በሲያትልና በካናዳ ቫንኩቨር ዓመቱን ሙሉ ትኖራለች። ይህን እንደ ጥፋት የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ ግን ደን በመመንጠር ያፈለስናቸውን ፍጥረታት ስንቈጥር፣ ስኳር በመስጠት ያሰፈርናት አንዲት ወፍ ከበደላችን ዝርዝር ግርጌ እንኳ የምትጻፍ አይመስለኝም። ይልቁንም የሩፈስ ቍጥር ከግማሽ ምዕት ዓመት ወዲህ እየቀነሰ መሄዱን የወፍ ቈጠራዎች የሚያስረዱ ስለ ሆነ፣ አንዲት እንኳ ብርዱን አልፋ ወደ ሰሜን ብትመለስ የሚናቅ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ባለቤቱ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ውኃውን በቀላሉ ያዘጋጅ፤ አንድ እጅ ነጭ ስኳር ለአራት እጅ ውኃ፣ ሌላ ምንም ሳይጨመር። ቀይ ቀለም አያስፈልግም፤ ማጠጫው ራሱ ቀይ ከሆነ ይበቃታል። ማር በምንም ምክንያት አይሰጥ፤ ማርን ለክቡር እንግዳ ማቅረብ የለመድን እኛ ይህን ስንሰማ ቅር ይለናል፤ ነገር ግን በውኃ የተበጠበጠ ማር ፈጥኖ ይቦካል፣ ሻጋታም ያበቅላል፤ የእኛን ጠጅ ያስገኘው ይኸው ጠባዩ ለዚህች እንግዳ በሽታ ይሆንባታል። ከሁሉም የሚከብደው ግን የማለዳው ነገር ነው። ይህ የስኳር ውኃ ብርዱ ከዜሮ ጥቂት ዝቅ ሲል መርጋት ይጀምራል፤ ስለዚህ በብርቱ ውርጭ ቀን ባለቤቱ ሲመሽ አውርዶ ቤት አሳድሮ፣ ጎህ ሳይቀድ መልሶ ይስቀለው፣ ወይም ሙቀት የሚሰጥ አምፑል ከአጠገቡ ያብራ፤ ከላይ እንደ ተነገረው፣ የተዳፈነው እሳት ሲገለጥ ማገዶ ካላገኘ ይጠፋልና። በረዶ በሚጥልበት ሳምንት መካከል መሰልቸት፣ ወይም ለበዓል ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ማጠጫውን ባዶ ትቶ መሄድ፣ ከመጀመሪያው ካለመስቀል የከፋ ነው፤ ያልተጋበዘ እንግዳ ሌላ ቤት ይፈልጋል፤ የተጋበዘ ግን በገበታው ተማምኖ ይቀመጣል። ጎረቤትን አደራ ማለት ይቻላል። ከዚህ በቀር ቍጥቋጦና ሁልጊዜ ለምለም የሆነ ዛፍ በጓሮ መኖሩ፣ መርዝ አለመርጨቱ፣ ድመትን ቤት ማዋሉ ከስኳሩ የማይተናነስ ጥቅም አለው።

ስለ ተመልካቾቹ አንድ ቃል ልጨምር። እንዲህ ያለች ወፍ መምጣቷ በተሰማ ጊዜ በአንድ ጓሮ አጥር ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ላየ ሰው፣ ነገሩ ከፊሉ ንግሥ፣ ከፊሉ ገበያ ይመስለዋል። አንዳንዱ ወፊቱን ካየ በኋላ በመዝገቡ ላይ ቍጥር ጨምሮ፣ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል፤ ይህን ዐይነት ሰው አልወደውም፤ አገር ለአገር ዞሮ ያያቸውን ሁሉ በቍጥር ያወቀ፣ አንዱንም በጠባዩ ያላወቀ ሰው ነው። ነገር ግን ደግሞ በአጠገቡ ልጇን ይዛ የመጣች እናት፣ በምርኵዝ የሚሄድ ሽማግሌ ይቆማሉ፤ በዚያ ብርድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀው ለአንዲት ደቂቃ ያይዋታል። የአሜሪካ የወፍ ተመልካቾች ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ የሰው ግቢ እንዲከበርና ወፉ እንዳይጨነቅ ያዝዛል፤ ደንቡ ከተጠበቀ፣ ባለቤቱ ሰዓት ወስኖ፣ የሚቆሙበትን ስፍራ አሳይቶ፣ በሩን ገርበብ ቢያደርግ ወፊቱ የምትጎዳበት ነገር የለም። ቤቱን ዘግቶ ብቻውን ማየት የሚወድም መብቱ ነው፤ ወሬውን እስኪነጋገሩበት ድረስ ያላወጣ ጎረቤት ይመሰገናል።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሺንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ እንዲሁም በሲያትል ብዙ የአገራችን ሰዎች ቤት ሠርተው፣ በጓሯቸው ጎመንና ጤና አዳም ተክለው ይኖራሉ፤ የምናገርላትም ወፍ ከእነርሱ መስኮት ፊት ለፊት የምትመጣ ናት። ከልጅነታቸው ጀምሮ በደጋው አገር አበባ ለአበባ እየዞረች በረጅምና ቀጭን መንቁሯ ወለላ የምትቀስመውን ወፍ ያዩ ሰዎች፣ ሃሚንግበርድን መጀመሪያ ሲያዩ የአገራቸውን ወፍ ያገኙ ይመስላቸዋል፤ የሁለቱ መልክና ሥራ ይመሳሰላልና። ሆኖም በደም አይዛመዱም፤ የእኛዪቱ ተቀምጣ መቅሰም ትወዳለች፣ ይህችኛዪቱ በአየር ላይ ቆማ፤ አንድ ዐይነት ገበታ በሁለት አህጉር ሁለቱን ለየብቻ አስተካክሎ ቀርጿቸዋል። ከእኛዎቹም አንዷ፣ ወንዱ ረጅም ጅራትና ሐምራዊ የሚያንጸባርቅ ላባ ያለው፣ በሄንሪ ሶልት የኢትዮጵያ ጕዞ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1814 ከተመዘገበች ጀምሮ በዓለም ሊቃውንት መዝገብ የተከዜን ወንዝ ስም ይዛ ትጠራለች።

በአባቶቻችን ዘንድ ሲመሽ ከደጅ ቆሞ የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ያለ መንገደኛ ከየት መጣህ፣ ለምን ከሰው መንገድ ወጣህ ተብሎ አስቀድሞ አይመረመርም፤ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል፣ ሲነጋ ደግሞ አስሮ የሚያስቀረው የለም። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሳለ ያደረገውም ይኸው ነበር። እንግድነት ሁለት ጫፍ አለው፤ መቀበልና መልቀቅ፤ ወፊቱን ወደ ቤት አስገቡ የሚሉት መልቀቁን፣ ማጠጫውን አውርዱ የሚሉት መቀበሉን ይዘነጉታል።

ለዚህ ሁሉ አንድ ተቃራኒ የሚመስል ነገር እቀበላለሁ፤ እርሱም የቀለበቱ ሥራ ነው። አትያዝ ካልኩ በኋላ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መጥቶ በማጠጫው ዙሪያ ባዘጋጀው ወጥመድ ለጥቂት ደቂቃ ይያዛት ማለቴ የማይገጥም የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። ነገር ግን ሩፈስንና የቅርብ ዘመዷን አለንን፣ ይልቁንም ሴቶቹንና ወጣቶቹን፣ የጅራታቸውን ላባ በእጅ ይዘው ካልለኩ በቀር በርቀት አይቶ በእርግጥ መለየት የሚቻል አይደለም፤ ከታላሃሲ እስከ ቼኔጋ ቤይ የተዘረጋውም መንገድ ያለዚያ ቍጥር ለዘላለም ተሰውሮ በቀረ ነበር። ባለሙያው ይመዝናታል፣ ክንፏንና መንቁሯን ይለካል፣ ቀለበቱን አጥልቆ የስኳር ውኃ አጠጥቶ ይለቃታል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን ወደ ማጠጫው ትመለሳለች። በከባድ ውርጭ ጧት ግን ይህን ማድረግ አይገባም፤ ደኅና ባለሙያም ራሱ ቀኑ ሞቅ እስኪል ይጠብቃል፤ የማይጠብቅ ቢመጣ ባለቤቱ በትሕትና ሌላ ቀን ይቅጠረው።